ሎሚ እንዳትሰማ

ለኢዮስያስ ከመጀመሪያው ነግሬዋለሁ። «ፊደል ልታስተምረን ከሆነ በጠመኔ አስተምረን፤ ስልክ ውስጥ አትክተተን» ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። እሱ የተማረ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ካሰበ አሰበ ነው። እኔም እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓርብ ስንነታረክ ከረምንና በመጨረሻ እሱ አሸነፈ። የሆነውም ሆነ።

ትምህርት ቤት የምንላት ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ዓርብ ጅቡቲ ሥራ ሲዘጋ እኛ ትምህርት እንከፍታለን። አብዛኞቻችን ሰው ቤት ተቀጥረን እዚያው እያደርን የምንሠራ ሴቶች ነን። እኔ ማዳም ሳብሪን የምትባል የዚህ አገር ሴት ቤት ምግብ አበስላለሁ። ጓደኛዬ ጀዋሪያ ግን የራሷ አዛዥ ናት፤ ማዕከላዊ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። ቡልቻ የሚባል የግቢ ዘበኛም አለን። በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣል፤ እርሳስ ሲይዝ ዱላ የያዘ ነው የሚመስለው። ከሁላችን ታናሽ ደግሞ ሎሚ ናት፤ ሄሮን ሰፈር አንድ ቤት ሕፃን ትይዛለች። ቡልቻና ሎሚ የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፣ የወሊሶ።

አስተማሪያችን ኢዮስያስ ወደብ ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ይሠራል። በዕረፍቱ ቀን ተኝቶ መዋል ሲችል እኛን መርጧል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግን ዓርብ የተማርነውን እስከሚቀጥለው ዓርብ ጥርግ አድርገን እየረሳን ስንመጣ ጊዜ አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀመጠና «በቃ፣ ግሩፕ ከፍቻለሁ» አለን። «ሁላችሁንም አስገብቻችኋለሁ። በየቀኑ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። ድምፅ መላክ ክልክል ነው።»

«እንዴት ሆኖ?» አለች ጀዋሪያ። «አፍ ያለው ሰው?»

«አፍማ አላችሁ። አፋችሁንማ በደንብ አውቀዋለሁ። የምፈልገው ጣታችሁን ነው።»

«አበባውስ?» አለች ሎሚ። እሷ ጠዋት ጠዋት ቀይ አበባ መላክ ትወዳለች።

«አበባም የለም፣ የሚያጨበጭብ እጅም የለም፣ የሚስቅ ፊትም የለም። ፊደል ብቻ!»

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላምታ አለቀ። አንዷ እንደምን አደራችሁ ብላ ከጻፈች ሁሉም ለእሷ መመለስ አለበት፤ የመለሰችውን ደግሞ ሌላዋ ደህና ነሽ ወይ ማለት አለባት፤ ልጆችሽስ፣ ማዳምሽስ፣ ጉልበትሽስ። በእኛ አጻጻፍ የጠዋቱ ሰላምታ ሳያልቅ የማታው ይደርሳል። ኢዮስያስ ተናደደ።

«ሰላምታውን ትታችሁ ወደ ጉዳዩ ግቡ!»

«አንተ ሰው ቤት ስትገባ ሰላም ሳትል ነው እንዴ ፍሪጅ የምትከፍተው?» አልኩት።

«እትዬ ኤሌኒ፣ ይሄ ሰው ቤት አይደለም፣ ግሩፕ ነው።»

«ሰው ካለበት ሰው ቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ ተኮራረፍንና ሁሉም መጻፉን ተወ። ኢዮስያስ ለመነን፣ ተቆጣን፣ መልሶ ለመነን። በመጨረሻ አንድ ዓርብ የቤት ሥራ ሰጠን። «ዜና ጻፉ» አለ። «ከሰፈራችሁም ይሁን ከአገራችሁ። ማን፣ ምን ሆነ፣ የት። በቃ!» እሺ ብለን ተበተንን። ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ፣ ሰኞና ማክሰኞም አለፉ። አንድም ዜና የለም። ጅቡቲ ውስጥ ምንም ያልሆነ ነበር የሚመስለው።

ረቡዕ ጠዋት ዓሣ እያጸዳሁ ስልኬ ጮኸ። እጄን ታጥቤ ከፈትኩት። ቡልቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ፊደል በፊደል ያዝኩት፤ የማላውቃት ፊደል ስትመጣ ከጎኗ ካሉት እየገመትኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ማንም ሳያግዘኝ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ደረስኩ።

«የሎሚ አያት ወሊሶ አረፉ። ዓርብ እናረዳታለን። ሎሚ እንዳትሰማ።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሙሉውን አነበብኩት ብዬ ነው። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ «አነበብኩት!» ብያለሁ። ከዚያ ነው ያነበብኩት ነገር የገባኝ።

ሎሚን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። እናት አባቷን አታውቅም፤ አባባ የምትለው እሳቸውን ነው። ዓርብ በመጣች ቁጥር አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ በስልክ እንዲህ ብሎ ሳቀብኝ ሳትል አትቀመጥም። እዚህ አገር ደግሞ ዘመድ የላትም። ማዳሟ ሥራ ስትወጣ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን በር ዘግታ ነው የምትውለው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን ቆሞ፣ የሰው ልጅ ታቅፎ፣ ከስልክ ላይ አይሰማውም። እኛ መርዶ የምናረዳው ወግ ባለው መንገድ ነው። ሰው ይሰበሰባል። እህል መቅመሷ ይጠየቃል፤ ከሰማች በኋላ ጉሮሮዋ አይከፈትማ። ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ይቀመጣል። አንድ ታላቅ ሰው ቀስ እያለ፣ አመማቸው፣ ባሰባቸው እያለ ይነግራታል። ይሄን ሁሉ ሳታገኝ ከግሩፕ ላይ ከሰማችው እኛ ምን ሰዎች ነን?

ለቡልቻ ደወልኩ።

«ቡልቻ! ምን አደረግህ?»

«ኤሌኒ፣ እንዴት አደርሽ? ቤት ሰላም ነው? ማዳምሽ ወገቧን ተሻላት?»

«ሰላምታውን ተወውና!»

«አየሽው? በጽሑፍ እኮ ነው። አንዲት ድምፅ የለበትም።»

«አየሁት። ሎሚም ታየዋለች!»

«ሎሚማ አታየውም። እንዳትሰማ ብዬ ጽፌበት የለ?»

«ሰውዬ፣ ግሩፑ ውስጥ አለች!»

«የለችም» አለ፣ ሞኝ እንዳገኘ ሰው በትዕግሥት። «እኔ ዝም ብዬ የምጽፍ መሰለሽ? የእያንዳንዳችሁን ስም እየከፈትኩ አይቻለሁ። ኦንላይን የሚለው አንቺና ጀዋሪያ ላይ ብቻ ነው። ሎሚ አልነበረችም። ቤት ውስጥ የሌለ ሰው የተወራውን ይሰማል እንዴ?»

እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ልክ ነው ብዬ ነበር። ኢዮስያስን ራሱን ሰው ካለበት ሰው ቤት ነው ያልኩት እኔ አይደለሁ? ቡልቻም በዚያው ሄደ። ግን እኔ ስልኬን ስከፍት ትናንት የተጻፈ ነገር ዛሬ ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

«የተጻፈው አይሄድም፣ ቡልቻ። እስክትመጣ ይጠብቃታል።»

«ውይ» አለ። «ቤተሰቦቿ እኮ ትናንት ደውለው ‹አንተ አባት ሁናት› ብለው ለእኔ ነው አደራ የሰጡኝ። ዓርብ እንድንሰበሰብ ልንገራቸው ብዬ እኮ ነው! ውይ፣ ውይ!»

«ማልቀሱን ተውና አጥፋው!»

«በምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተጫነው!»

ሲጫን፣ ሲተነፍስ፣ ለራሱ በኦሮምኛ ሲያወራ ቆየና «ጠፋ! ተመስገን!» አለ። እኔ አየሁ። አለ።

«እኔ ጋ አለ።»

«እኔ ጋማ ጠፍቷል።»

«እኔ ጋ አለ እኮ ነው የምልህ!»

«እንግዲህ አንቺ ጋ ያለውን እኔ እንዴት አድርጌ ላጥፋልሽ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ኢዮስያስ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመርከብ ሰነድ ጋር ሲታገል ስልኩን ይዘጋዋል፤ እስከ ምሳ አይከፍትም። ሎሚ ጋ ራሷ ልደውል አልኩና ተውኩት። ድምፄን ከሰማች ያልቅልኛል፤ እኔ መደበቅ የምችል ሰው አይደለሁም። የቀረችኝ ጀዋሪያ ናት።

ጀዋሪያ መልእክቱን አይታ ኖሮ ገና ሃሎ ሳልል «ያ ሽማግሌ አበደ እንዴ?» አለችኝ። ከኋላዋ የገበያው ጩኸት ይሰማል። «ስሚኝ። ሎሚ ማዳሟ ሳትወጣ ስልክ አትነካም። እስከዚያ ጊዜ አለን። እንከምርበት።»

«ምኑን?»

«ጽሑፉን ነዋ! የላላ ቲማቲም ሲገጥመኝ ምን የማደርግ ይመስልሻል? ከሥር አድርጌ ጥሩ ጥሩውን ከላይ እከምርበታለሁ። ማን ይቆፍራል?»

«ለእኔም እንደዚያ ነው የምትሸጪልኝ?»

«አሁን ስለ ቲማቲም ነው የምናወራው ወይስ ስለ ልጅቷ? ጻፊ!»

ጻፍን። እንዴት እንደጻፍን! እኔ «ዓሣ እያጠብኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጀዋሪያ «ቲማቲም ተወደደ» አለች። እኔ «ዓሣው ትልቅ ነው።» እሷ «ፀሐይ በጣም ነው።» ቡልቻ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ይጽፋል። «መኪና ገባ።» «መኪናው ወጣ።» «ሌላ መኪና ገባ።» «ድመት አለ።» «ድመቱ ሄደ።» የቀሩት ሴቶች ቀስ በቀስ ገባቸውና ገቡበት። አንዷ የባልዲ ቀለም ትጽፋለች፣ አንዷ የማዳሟን ጫማ ትቆጥራለች። የሚጻፍ ያጣችው ደግሞ እጇ ላይ ያለውን ዕቃ ስም ትጽፋለች። ለኢዮስያስ ልመና አንዲት ቃል ያልጻፍን ሰዎች በአንድ ጠዋት የግሩፑን ሆድ አስፈነዳነው። አውራ ጣቴ ሽንኩርት ከመክተፍ ይልቅ በዚህ ደከመብኝ።

ማዳም ሳብሪን ወጥ ቤት ገባች። ከእሷ ጋር የምንነጋገረው ጥቂት ፈረንሳይኛ፣ ጥቂት ዓረብኛ፣ ጥቂት ሶማሊኛ እያልን፣ የጎደለውን በእጅ እየሞላን ነው።

«ኤሌኒ! ዓሣው ሳይጸዳ ስልክ?»

«ዴቯር ነው፣ ማዳም» አልኳት። ዴቯር የቤት ሥራ ማለት ነው፤ ልጆቿ ሲነዘነዙበት ሰምቼ ነው የያዝኩት።

«አንቺ? ዴቯር?» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሄዳ ለባሏ ነገረችው፤ ሳቁ እስከ ወጥ ቤት መጣ። መልሳ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ።

«ዓሣው ትልቅ ነው።»

ዓሣውን አየችው። «እውነት ነው» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች።

በዚህ መሀል ነው የሎሚ ስም ብቅ ያለው። ቀስ ብዬ አነበብኩት። «እኔ ደህና ነኝ። ሕፃኑ ተኝቷል። እናንተስ?»

ወዲያው ጀዋሪያ ደወለች። «አላየችም! ተቀብሯል አልኩሽ!»

«ቃል ምረጪ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እሺ፣ ተሸፍኗል። ተሸፍኗል! አታቁሚ፣ ጨምሪበት!»

ጨመርን። ሎሚም አብራን ትጽፍ ጀመር። «እትዬ ኤሌኒ፣ ዓሣው ተጠበሰ?» ትላለች። ገና ነው እላለሁ። «ጋሽ ቡልቻ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነው?» ትላለች። «ነጭ ነው» ይላል ቡልቻ። ትንሽ ዝም ካልን «ምን ሆናችሁ? ጻፉ እንጂ» ትላለች። ምስኪን፣ ምንም አታውቅ እያልኩ ዓሣውን ዱቄት ውስጥ አገላበጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ የሚገባበት ሰዓት ሲቃረብ፣ ከተማው ሥራውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ፣ ኢዮስያስ ስልኩን ከፈተ።

«ወገኖቼ!!!» ብሎ ጻፈ። «ምን ልበላችሁ? እንባዬ መጣ!»

ከዚያ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ የእያንዳንዳችንን ጽሑፍ እያነሳ ማመስገን ያዘ። «ዓሣው ትልቅ ነው፦ ግሩም!» «ድመቱ ሄደ፦ አጭርና ግልጽ!» ወደ ላይ ይወጣል። አየሁት፤ እየወጣ ነው። ደወልኩለት፤ አያነሳም፤ ማመስገን ላይ ነው። ጀዋሪያም ትደውላለች መሰል መስመሩ ተያዘ። «ቲማቲም ተወደደ፦ ይሄ ራሱ ዜና ነው!» ይላል። አንድ ደረጃ ቀረው። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ «ተው! ተው ልጄ!» እላለሁ። ማዳም ሳብሪን «ምንድነው? ምንድነው?» ትላለች።

ደረሰ። የቡልቻን ጽሑፍ እንዳለ አንስቶ ከሁሉ ሥር፣ ገና ከተጻፈው በታች፣ ቁጭ አደረገው።

«የሳምንቱ ምርጥ ዜና የጋሽ ቡልቻ ነው! ማን፣ ምን ሆነ፣ የት፦ ሁሉንም አሟልተዋል። ሁላችሁም ከእሳቸው ተማሩ!»

ያ አልበቃው ብሎ ከግሩፑ አናት ላይ ለጠፈው። ማንም ሲገባ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ።

ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳ። «እትዬ ኤሌኒ! ኮራሁባችሁ እኮ፣ እውነት...»

«እውነት ነው!»

«አዎ፣ እውነተኛ ኩራት...»

«ዜናው እውነት ነው ኢዮስያስ! ሽማግሌው ሞተዋል!»

የመኪና ጡሩምባ ተሰማኝ። «የቤት ሥራው አይደለም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቡልቻ ዜና መፍጠር የሚችል ይመስልሃል?»

«ወይኔ! አረፉ ብለው ሲጽፉ ‹እንዴት ጥሩ ቃል መረጡ› ብዬ እኮ... አጠፋሁት። ይኸው፣ ከሁሉም ጋ አጠፋሁት። የእኔንም አጠፋሁ።»

«ቢሆንም አላየችውም» አልኩት። «ከምረንበታል። ደህና ነኝ ብላ ጽፋልናለች።»

«ምን አድርጋችሁ?»

ነገርኩት። «እትዬ ኤሌኒ፣ መከመሩ እኮ አይረዳም። አዲስ ነገር ሲገባ ስልኩ ካላነበቡት ከመጀመሪያው ነው የሚከፍትልዎት። ከላይ ወደ ታች። የዛሬው የመጀመሪያ ደግሞ የጋሽ ቡልቻ ነው። ሎሚ ከጻፈችልዎ... ከፍታዋለች ማለት ነው።»

የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ብቻዋን ናት፣ እኔ ደግሞ ስለ ዓሣ እጽፍላታለሁ።

«ዓርብን አንጠብቅም» አልኩ። «አሁን ነው።»

«አሁን? ቢሮ እኮ...»

«ቢሮህ ዛሬ ማንም አይሞትበትም። ሄሮን፣ በሯ ላይ እንገናኝ። ለቡልቻና ለጀዋሪያ ንገራቸው። በአፍህ ንገራቸው፣ ግሩፑ ላይ እንዳትጽፍ!»

ሽርጤን ፈታሁ። ማዳም ሳብሪን ገና ወንበሩ ላይ ናት። «እሄዳለሁ» አልኳት።

«ዓሣውስ?»

«መጥበሻው ላይ ነው።»

«ማን ያገላብጠዋል?»

«አንቺ።»

እንደዚያ ብያት አላውቅም። ዓይኗ ፈጠጠ። የሆነውን በሦስቱም ቋንቋ፣ በእጄም ጭምር ነገርኳት። ልጅቷን፣ ሽማግሌውን፣ ስልኩን። ሌላውን ትቼ ብቻዋን መሆኗን ስነግራት ተነሳችና ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። «በየትኛው ጎኑ?» አለች፣ ዓሣውን በፍርሃት እያየች። «በሁለቱም» አልኳትና ነጠላዬን ከሩቅ እንዳይታይ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት መከራ ነው። አንዱ ቆመልኝና ገብቼ ስጨርስ «ጫቴን ሳልይዝ አልንቀሳቀስም» አለ። «ለቅሶ ነው የምሄደው!» አልኩት። «እኔም ካልያዝኩ ለቅሶ ነው» አለኝ። ያንን በር በእግሬ ዘግቼ ሌላ ያዝኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ነበሩ። ኢዮስያስ ክራቫቱን እንዳሰረ ላቡ ይንጠባጠባል። ቡልቻ የዘበኛ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል፤ በሩን ለድመቱ ይተወው ለማን አልጠየቅኩም። ጀዋሪያ አንድ ፌስታል ቲማቲም አንጠልጥላለች።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ባዶ እጄን ልምጣ? አትዪኝ እንደዚያ፣ ከላይ ያሉት ናቸው።»

«እኔ ልንገራት» አለ ኢዮስያስ። «ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ...»

«አንተ ከማመስገን ሌላ ምን ታውቃለህ?» አልኩት። «አደራው የቡልቻ ነው። በዕድሜም እሱ ነው፣ አገሯም እሱ ነው። ቡልቻ፣ ምን ትላታለህ?»

«አያትሽ ትንሽ አሟቸው ነበር እላለሁ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ... ባሰባቸው።»

«ከዚያስ?»

ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገ። «እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ይመጣልኛል» አለ።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሎሚ ሕፃኑን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዓይኗ ደርቋል፤ ፀጉሯን አጥብቃ አስራዋለች። አንድ በአንድ አየችን።

«ቆያችሁ» አለች።

«እንደው በዚህ ስናልፍ...» አለ ቡልቻ።

«ሁላችሁም?»

ጀዋሪያ ቲማቲሙን ዘረጋችላት። ሎሚ ተቀበለችና ግቡ አለችን። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ውኃ በጆግ ተቀምጧል፤ ኩባያዎቹ ተደርድረዋል። ለእኛ መሆኑን አየሁ። እኔ ግን የሚጠየቀውን ሳልጠይቅ አልቀመጥም።

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ እትዬ ኤሌኒ። ጽሑፉ ከግሩፑ ሲጠፋ ጊዜ እንደምትመጡ ገባኝ። መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ነው ብዬ ግድ በላሁ። ሕፃኑንም አብልቼዋለሁ። ማዳምም እየመጣች ነው፣ ደውዬላት።»

ጀዋሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አልሽን?» አልኳት። ቁጣ ቁጣ አለኝ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

«ምን ልጻፍ? ዝም ካልኩ እናንተም ዝም ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ።» ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ወገቧ አዛወረችው። «ስትጽፉ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ቡልቻ መኪና ገባ፣ መኪና ወጣ ሲል... እሱን እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ማልቀስ አልቻልኩም። ብቻዬን ጀምሬው ማን ሊያስቆመኝ?»

ቡልቻ ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ። «ካወቅሽውማ እንግዲህ...»

«አላውቅም» አለች ሎሚ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አደረገች። «ከስልክ ላይ አይደለም የምሰማው። ጋሽ ቡልቻ፣ አንተ ንገረኝ።»

ግራዋን እኔ ያዝኩ፤ ቀኟን ጀዋሪያ ያዘች። ኢዮስያስ የት እንደሚቀመጥ ስላላወቀ ቆመ። ቡልቻ ኮፍያውን አውልቆ ፊቷ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያትሽ... ትንሽ አሟቸው ነበር።»

«እሺ» አለች ሎሚ። «ምናቸውን?»

«ደረታቸውን። ሳል ነበር። የሳል ነገር መቼም...»

«እሺ።»

«ከዚያ ባሰባቸው። ልጆቹ ተሸክመው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሄደ። ብቻቸውን አልነበሩም፣ ልጄ። አንድ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልነበሩም።»

«እሺ ጋሽ ቡልቻ። ከዚያስ?»

ቡልቻ አፉን ከፈተና ዘጋው። ጠዋት በጣቱ ጽፎ፣ ነጥቧን ሳይረሳ፣ ለሁላችን የላካትን ቃል አሁን በአፉ ማውጣት አቃተው። ጀዋሪያ ልትነግራት አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። ሎሚም አላጣደፈችውም። ጠበቀችው፤ ሕፃኑ እንኳ ዝም ብሎ የቡልቻን ጢም ያያል።

«ከዚያ...» አለ። «ከዚያማ፣ ልጄ፣ አረፉ።»

ሎሚ ሕፃኑን ብድግ አድርጋ ለኢዮስያስ ሰጠችው። እስክትሰጠው ድረስ ጠንካራ ነበረች። እጇ ባዶ ሲሆን «አባባ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በግራም በቀኝም እኛ ላይ ወደቀች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ነጠላዬን ከፌስታሉ ለማውጣት አንድ እጅ አልበቃኝም፤ በጥርሴ ሳብኩት። ቡልቻ ከእሷ በላይ ያለቅሳል፤ ጀዋሪያ እሷንም እሱንም ትይዛለች።

ኢዮስያስ ሕፃኑን እንደ ሰነድ በሁለት እጁ ከፊቱ አርቆ ይዞ ቆሟል። ሕፃኑ ክራቫቱን አፉ ውስጥ ከትቶታል።

«እትዬ ኤሌኒ» አለኝ በሹክሹክታ፣ እንባው እየወረደ፣ «እኔስ ምን ላድርግ?»

«ወደ ደረትህ አስጠጋው» አልኩት። «ወደ ጥላው ግባና አጠገባችን ተቀመጥ።»